በመንዝ ደጋ የአውራ በግ ነገር

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ደብረ ብርሃን ሲደርስ፣ ካፖርቱን ቈልፎ እጁን እያሻሸ፣ «አሁንስ ደጋ ማለት ምን እንደ ሆነ ዐወቅሁ» ይል ይሆናል። ነገር ግን ገና የደጋው ደጅ ላይ ነው። ከዚያ አልፎ ጣርማበር ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን ባስቈፈሩት ዋሻ ውስጥ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቍልቍል ይወርዳል፤ ሁለተኛው ወደ ግራ ታጥፎ፣ ከከፍታው ሳይወርድ፣ በሞላሌ በኩል ወደ መሐል ሜዳ ይዘልቃል። ይህ ሁለተኛው የመንዝ መንገድ ነው።

መንዝ ከጥንት ጀምሮ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር በሚባሉ ሦስት ክፍሎች የታወቀ የሰሜን ሸዋ ደጋ ነው። በመሐል ሜዳ አካባቢ ከፍታው 3000 ሜትርን ያልፋል። በየሰፈሩ ጥግ ከቆመው ባሕር ዛፍ በቀር ዛፍ እምብዛም አይታይም። ቤቱ ከድንጋይ የተሠራ፣ በሣር የተከደነ፣ ለነፋስ ጀርባውን የሰጠ ይመስላል። እርሻው በአብዛኛው ገብስ ነው፤ ከገብሱ ጋራ ባቄላና ጥቂት ስንዴ ይዘራል። በክረምት የተዘራው ገብስ ፍሬ ሊቋጥር ሲል በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውርጭ ይወርድበታል፤ በበልግ የተዘራው ደግሞ ዝናቡ ሲዘገይ በቃያው ላይ ይቀራል። ስለዚህ የመንዝ ገበሬ ዓመቱን ሲያስብ ጎተራውን ብቻ ተመልክቶ አያስብም፤ ዐይኑን ወደ መስኩ ይመልሳል። በመስኩ ላይ የሚግጠው በግ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናገረው ስለዚሁ በግ ነው። አማርኛ በመማር ላይ ያሉ አንባቢያን ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ ነገር በመጀመሪያ ልጥቀስ። በመጽሐፍ ላይ «በግ» የሚለው ቃል ብቻውን ይበቃ ይሆናል፤ በመንዝ ገበያ ግን «በግ አለህ ወይ» ብሎ የጠየቀ ሰው ምንም እንዳልጠየቀ ይቈጠራል። በቅርብ የተወለደው ግልገል ነው። ወንዱ ጡት ጥሎ ማደግ ሲጀምር ጠቦት ይባላል። ለዘር የተተወው ወንድ አውራ ነው፤ ተኰላሽቶ ለመደለብ የተለየው ደግሞ ሙክት ነው። የወለደችዋ እናት በግ ናት። ከኋላ የሚንጠለጠለው ስብ የሞላበት ጅራት ላት ይባላል። በትግርኛ በግን በጊዕ፣ አውራውን ድዑል እንለዋለን፤ የስሙ ብዛት በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነው፤ ምክንያቱም በሁለቱም ደጋ ሰው ከበግ ጋራ የኖረው በአንድ ዐይነት ብርድ ውስጥ ነው። ከእነዚህ ቃላት መካከል «አውራ» የሚለውን አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ነገሩ ሁሉ ወደ እርሱ የሚመለስ ነውና።

የመንዝን በግ መጀመሪያ ያየ ሰው ብዙ አያደንቀውም። ቁመቱ አጭር ነው። እናቲቱ በመስክ ግጦሽ ብቻ ስትኖር ከ20 እስከ 25 ኪሎ ግራም ብትመዝን ነው። ላቱ አጭርና ወፍራም ሆኖ ጫፉ ወደ ላይ ይቀለበሳል። አውራው ቀንድ አለው፤ እርሱም ወደ ኋላ የሚጠማዘዝ ነው። ገላው ሸካራ ጸጉር ለብሷል። መልኩ ነጭ፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቡናማና ዥጕርጕር ነው። እናቲቱ ብዙውን ጊዜ የምትወልደው አንድ ነው፤ መንታ ጥቂት ነው። ይህን የሰማ ያገሬ ሰው አንድ ጊዜ «ታዲያ ምን ይጠቅማል?» ብሎ ጠይቆኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን በበጉ ላይ ሳይሆን በሣሩ ላይ ይገኛል።

ከታኅሣሥ ጀምሮ የመንዝ መስክ እየነጣ ይሄዳል። በየካቲትና በመጋቢት በጉ የሚያገኘው ከሥሩ የተጋጠ ደረቅ ሣር፣ ከዐውድማ የተረፈ የገብስ ገለባና በየድንጋዩ ሥር የቀረ ቅጠል ነው። በዚህ ጊዜ አንዲት እናት ሁለት ግልገል ብትወልድ ሁለቱም ይሞቱባታል፤ አንድ ብትወልድ አንዱን ታሳድጋለች። ገላዋ ትልቅ ቢሆን ደግሞ ገላዋን ለማኖር ብቻ የሚያስፈልጋት ሣር ስለሚበዛ ለወተት የሚተርፋት ነገር አይኖርም። እንግዲህ ትንሽነትዋ የድርሻዋ ልክ ነው ማለት ይቻላል። ብርዱን የሚችለው ጸጉሯ፣ የክፉውን ወራት ስንቅ የሚይዘው ላትዋ፣ ሁለቱም በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ ያልቻሉት እየሞቱ የቻሉት እየወለዱ የመጡ ናቸው። መምህር ሳይኖር፣ መዝገብ ሳይኖር፣ ምድሪቱ ራስዋ መርጣለች።

ከብርድና ከራብ ሌላ ሦስተኛ ጠላት አለ፤ እርሱም ትል ነው። በክረምት፣ ውሃ በሚተኛበት ረግረግ ላይ የሚግጥ በግ የጨጓራና የአንጀት ትል፣ እንዲሁም የጉበት ትል ይይዘዋል። በ1990ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹን ሁሉ የምቈጥረው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው) የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ድርጅት በደብረ ብርሃን ጣቢያው የመንዝን በግና ከምዕራብ ኢትዮጵያ የመጣውን የሆሮን በግ በአንድ መስክ ላይ አሰማርቶ፣ ግልገሎቹን እየመዘነና በበጠጣቸው ውስጥ ያለውን የትል ዕንቍላል እየቈጠረ ለብዙ ጊዜ ተከታትሏል። ሆሮ በገላው የሚበልጥ፣ በአገሩም የተመሰገነ በግ ነው። ሆኖም በዚያ ከፍታ ላይ የመንዝ ግልገሎች ከሆሮ ግልገሎች ይልቅ በሕይወት የመቈየት ዕድላቸው በግልጥ የበለጠ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ሆሮን ማቃለል አይደለም፤ ሆሮም በወለጋ ልምላሜ ውስጥ የተመረጠ ነው። ነገር ግን አንድን በግ ከአገሩ አውጥቶ «በጎ ዘር ነው» ብሎ ለሌላ አገር ገበሬ ማደል ምን ያህል ማሰብ እንደሚያሻው ከዚህ ማየት ይቻላል።

የመንዝ ቤተሰብ ከበጉ የሚያገኘው ሥጋ ብቻ አይደለም፤ እንዲያውም ሥጋውን የሚቀምሰው በበዓል ቀን ነው። በጉ ጥሬ ገንዘብ ነው። የማዳበሪያ ዕዳ ሲደርስ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ሰው ታሞ ወደ ሐኪም ሲወሰድ፣ ገብሱ ውርጭ በልቶት እህል ከገበያ ሲሸመት፣ ከጋጣው አንድ ይወጣል። ከዚህ በላይ ጸጉሩ አለ። በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ይሸለታል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ሴቶቹ በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ሸማኔው ባና አድርጎ ይሠራዋል። ባና ከባድ የበግ ጸጉር ብርድ ልብስ ነው፤ አንድ ሌሊት ከሥሩ የተኛ ሰው በሆቴል የሚሰጠውን ቀጭን ብርድ ልብስ ይታዘበዋል። ከጥቁሩ ጸጉር ደግሞ በርኖስ ይሠራል። የሚያስገርመው፣ ለዕርድ ሲሆን ጥቁር በግ በገበያ ይናቃል፣ ዋጋውም ዝቅ ይላል፤ በርኖስ የሚለብሰው ሽማግሌ ግን ጥቁሩን አጥብቆ ይሻል። ከከተማ የሚመጣው ነጋዴ ነጩንና ቀዩን እያለ በሄደ ቍጥር ጥቁሩ ከመንጋው እየሳሳ ይሄዳል። ገበያ ራሱ አንድ መራጭ ነው፤ የሚመርጠውም ስለ በርኖስ ሳያስብ ነው።

ስለ ሣሩ ከተነሣ ጓሳን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይገባም። ከመሐል ሜዳ በስተ ምሥራቅ፣ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ፣ በጓሳ ሣር የተሸፈነ ሰፊ ምድር አለ። ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ የሚታዩበት ስለ ሆነ ዛሬ የውጭ አገር ሰዎች ለጕብኝት ይመጡበታል። ለመንዝ ሰው ግን ከሁሉ አስቀድሞ የቤት ክዳን፣ የገመድና የክፉ ቀን ግጦሽ ምንጭ ነው። ከአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። ባለ ርስቶቹ ሦስት ዓመትም አምስት ዓመትም ዘግተውት ይቈዩና፣ ሣሩ ሲደርስ ወይም ድርቅ ሲጸና በአንድነት ተስማምተው ይከፍቱታል፤ ዝናቡ ሲገባ ተመልሶ ይዘጋል። በተዘጋበት ወራት ገብቶ የተገኘ ይቀጣል። የ1975ቱ የመሬት ዐዋጅ የርስቱን መሠረት ሲያነሣ ይህም ሥርዓት አብሮ ፈረሰ፤ በኋላ ሕዝቡ በሌላ መልክ በማኅበር ጠባቂነት አቋቁሞታል። ይህን ያነሣሁት ስለ አንድ ነገር ነው። መንዜ ነገ የሚያስፈልገውን ዛሬ አለመንካትን ከድሮ የሚያውቅ ሰው ነው። ሣሩን አምስት ዓመት መዝጋት የቻለ ሕዝብ አውራውን ሁለት ዓመት ማቈየት ለምን ከበደው?

ወደዚያ ከመድረሴ በፊት መንግሥት የሞከረውን ልንገር። በ1967 በደብረ ብርሃን የበግ ማራቢያ ማዕከል ተቋቋመ። በዘመኑ የነበረው ሐሳብ ግልጥና በብዙ አገር የተለመደ ነበር፤ የአገሩ በግ ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ትልቅ አውራ ከውጭ አምጥቶ ማዳቀል ነው። ኮሪዴልና ሃምፕሻየር የሚባሉ የውጭ በጎች መጡ። ከእነርሱ የተወለዱት ክልሶች በማዕከሉ ውስጥ፣ ድርቆሽና ፍርኖ ፍርፋሪ እየተሰጣቸው፣ ደኅና አደጉ። ገበሬው ግን አልወደዳቸውም። ላት የላቸውም፤ መልካቸው ለዐይን እንግዳ ነው፤ በበዓል ገበያ ላት የሌለውን በግ ማን ይገዛል? ይህ ከተስተዋለ በኋላ ላት ያለው ትልቅ በግ ይሻላል ተብሎ በ1980 እና በ1984፣ ኋላም በ1994 አዋሲ የሚባለው ዘር ከእስራኤል መጣ። አዋሲ ላታም ስለ ሆነ ክልሱን ገበሬው ይቀበለዋል ተብሎ ታሰበ፤ በእርግጥም ብዙዎች ወደዱት። ነገር ግን ማዕከሎቹ በዓመት ሊያድሉት የቻሉት አውራ ከመንደሩ ብዛት ጋራ ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነበር። ከዚያም በላይ ሜዲ ቪስና የተባለ፣ ቀስ እያለ ሳንባን የሚያበላሽ በሽታ በማዕከሎቹ መንጋ ውስጥ ተገኘ፤ መድኃኒትም የለውም።

በዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን ያስፈልጋል። በደብረ ብርሃን ዙሪያ አጃ የሚዘራ፣ ድርቆሽ የሚያጭድ፣ ከቢራ ፋብሪካ የሚወጣውን አተላ መግዛት የሚችል ገበሬ የአዋሲ ክልስ ቢያረባ ትርፍ ሊያገኝ ይችላል። ለእርሱ ነገሩ የሒሳብ ነገር ነው። ከሞላሌ ወዲያ ላይ ታች የሚለው፣ ገለባውንም ለበሬው የሚቈጥበው ገበሬ ግን ለበጉ የሚገዛለት መኖ የለውም። ለእንዲህ ያለው ቤት የሚሆነው በግ ምንም ሳይገዛለት ወልዶ የሚያሳድገው ነው፤ ያም በጓሮው አለ። ታዲያ ያለውን በግ ከነጥንካሬው እያሻሻሉ መሄድ ይቻላልን? ይህን ጥያቄ የደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከል ከ1998 ጀምሮ የመንዝን በግ በመንዝ በግ ብቻ እየመረጠ በጣቢያው ውስጥ መመርመር ጀምሮ ነበር። ጥያቄው ወደ ገበሬው ግቢ የገባው ግን በ2009 ነው።

በገበሬው ግቢ ያለው ችግር እንዲህ ነው። በመንደሩ ውስጥ በአንድ ወር አሥር ወንድ ግልገሎች ተወለዱ እንበል። ከእነርሱ አንዱ ፈጥኖ አደገ፤ እናቱ ጥሩ አሳዳጊ ናት፤ በክረምቱ ትል አልደከመም። ስድስት ወር ሳይሞላው ፋሲካ ደረሰ። ነጋዴው መጣ። መጀመሪያ የሚያነሣው የትኛውን ነው? ያንኑ አንዱን ነው። ገበሬውም መጀመሪያ የሚሸጠው እርሱን ነው፤ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ እርሱ ነውና። የቀሩት ዘጠኙ ከስተው፣ ማንም ሳይፈልጋቸው፣ በመንጋው ውስጥ ይቈያሉ። ጊዜው ሲደርስ እናቶቹን የሚያጠቁት እነዚያ ዘጠኙ ናቸው። የሚቀጥለው ዓመት ግልገሎች አባት ከተረፈው ወገን ሆነ ማለት ነው። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም ምድሪቱ በብዙ መቶ ዓመት የመረጠችውን ሰው በፋሲካና በእንቍጣጣሽ ይመልሰዋል።

ነገሩ የስንፍና ውጤት አይደለም። በኦሪት ዘሌዋውያን ለመሥዋዕት የሚቀርበው ነውር የሌለበት ወንድ እንዲሆን ታዝዟል፤ ሕዝባችንም ለበዓል ያማረውን፣ ቀንዱ የተሟላውን፣ ላቱ የሰፋውን መርጦ ያርዳል። ከምርጡ መስጠት ክብር ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ያዕቆብ በላባ ቤት ያደረገውን ስናነብ፣ አስተማሪያችን ስለ በትሮቹ ብዙ ይነግሩን ነበር። ዛሬ ሳስበው ከበትሮቹ ይልቅ የሚገርመኝ ሌላው ነው፤ ያዕቆብ ብርቱዎቹ የሚፀንሱበትን ጊዜ እየጠበቀ ከእነርሱ የሚወለደውን ለራሱ አደረገ፣ የደካሞቹ ለላባ ቀረ። የመንዝ ገበሬ በችግሩ ምክንያት ላባን ሆኗል፤ ብርቱው ለከተማ፣ ደካማው ለእርሱ።

በሞላሌ አቅራቢያ ባለ አንድ መንደር ይህንኑ ለአንዲት እናት አንሥቼላቸው ነበር። ባላቸው ካረፉ በኋላ ሃያ ሦስት በጎች ይዘው ሦስት ልጆች የሚያሳድጉ ናቸው። ደረቱ ሰፊ የሆነ ቀይ ጠቦት በደጃቸው ታስሮ ነበር። «እማማ፣ ይህ ለዘር ቢቀር አይሻልም?» ብላቸው ፈገግ አሉና «ልጄ፣ ይሻላል እንጂ። ነገር ግን ይህ ደብተር ነው፤ ጫማ ነው። ለዘር ባስቀረው የሚያጠቃው የጎረቤቶቼን በግ ጭምር ነው፤ በረከቱ ለሁሉ ነው፣ ደብተሩ ግን የእኔ ነው» አሉኝ። መስኩ የጋራ ነው፤ አውራው በመስኩ ላይ ያገኛትን ሁሉ ያጠቃል። ስለዚህ መልካም አውራ ያስቀረ ሰው ኪሳራው ለብቻው፣ ጥቅሙ ለመንደሩ ነው። ይህን ያህል በአጭር ቃል የተገለጠ የምጣኔ ሀብት ትምህርት በብዙ መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ አልሰማሁም።

በ2009 በመንዝ፣ በሆሮ፣ በቦንጋና በአፋር የተጀመረው በማኅበር የማርባት ሥራ የተነሣው ከዚሁ ነጥብ ነው። በመንዝ በመሐል ሜዳና በሞላሌ አካባቢ ያሉ መንደሮች ተመረጡ። አሠራሩ እንዲህ ነው። የአንድ መንደር ባለ በጎች መንጋቸውን እንደ አንድ መንጋ ይቈጥሩታል። የሚወለደው ግልገል ሁሉ በጆሮው ቍጥር ይደረግለታል፤ የተወለደበት ቀን፣ እናቱ፣ ክብደቱ በመዝገብ ይጻፋል። በሦስት ወርና በስድስት ወር እንደ ገና ይመዘናል። መዝጋቢው የመንደሩ ልጅ ነው፤ ሚዛኑን በትከሻው ይዞ ከቤት ቤት ይዞራል።

ክብደቱ ብቻውን ግን ያታልላል። ሣሩ በለመለመበት ወር የተወለደ ግልገል በደረቁ ወር ከተወለደው ይበልጣል፤ የበሰለች እናት ልጅ መጀመሪያ ከወለደች ልጅ ይበልጣል። ብልጫው የወሩና የእናቲቱ ዕድሜ እንጂ የደሙ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ እያንዳንዱን ጠቦት በተመሳሳይ ጊዜና ሁኔታ ከተወለዱት ጋራ አነጻጽረው፣ የዘመዶቹንም ውጤት ጨምረው፣ ለልጆቹ ሊያወርሰው የሚችለውን ይገምታሉ። ከዚያ ግምቱን ለገበሬዎቹ ኮሚቴ ይሰጣሉ። የመጨረሻው ቃል የኮሚቴው ነው። ሽማግሌዎቹ ጠቦቶቹን አንድ ቦታ ሰብስበው ላቱን በእጃቸው ይመዝናሉ፤ ቀንዱን፣ ቁመናውን፣ መልኩን ያያሉ፤ የእናቲቱን ጠባይ ያነሣሉ። በሒሳቡ አንደኛ የወጣው ጠቦት ቀንደ ጎዶሎ ቢሆን ወይም እናቱ ግልገልዋን የምትረግጥ መሆንዋ ቢታወቅ ይጣላል። ይህን ያዩ አንዳንድ ሊቃውንት መጀመሪያ ቅር ብሏቸው እንደ ነበረ እገምታለሁ። እኔ ግን ሽማግሌዎቹን ደግፌ እቆማለሁ፤ ማንም ገበሬ ያፈረበትን አውራ በመስኩ ላይ አያኖርም፣ በሌሊት ሸጦት ያድራል።

የተመረጠው አውራ ለአንድ የቤተሰቦች ጓድ ይመደባል፤ አንዱ አውራ ለሃያ አምስት ያህል እናቶች ይበቃል። የገዛ ልጆቹ ለአቅመ መውለድ ሲደርሱ ወደ ሌላ ጓድ ይዛወራል፤ አባት ሴት ልጁን ካጠቃ የሚወለደው ይደክማልና። ያልተመረጡት ወንዶች ሳያጠቁ ይኰላሻሉ፤ ሙክት ሆነው ደልበው ይሸጣሉ። የእማማም ጥያቄ መልስ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ማኅበሩ ከተዘዋዋሪ ገንዘቡ የተመረጠውን ጠቦት ከባለቤቱ በገበያ ዋጋ ይገዛዋል። ደብተሩም ጫማውም ከማኅበሩ ሣጥን ይወጣል፤ አውራው በመስኩ ላይ ይቀራል። ቄሮ በሣሩ ላይ ያደርገው የነበረውን ይህ ሣጥን በአውራው ላይ ያደርጋል።

ውጤቱስ? ከአሥር ዓመት ግድም በኋላ መዝገቡ ተመርምሮ በ2020 የታተመው ጥናት እንደሚያሳየው፣ የስድስት ወር ጠቦት ክብደት በቦንጋ በዓመት 210 ግራም፣ በሆሮ 180 ግራም፣ በመንዝ 110 ግራም ያህል ጨምሯል። አንድ መቶ አሥር ግራም ማለት አንድ ትልቅ ዕንቍላልና የሌላው ግማሽ የሚመዝነው ነው። ይህን ሰምቶ የሚስቅ ባለሥልጣን ይኖራል፤ ሪፖርት ለመጻፍ እጅግ ትንሽ ቍጥር ነውና። ነገር ግን ይህ ጭማሪ መኖ ሳይገዛ፣ ቤት ሳይሠራ፣ መድኃኒት ሳይበዛ የመጣ ነው፤ በአንድ በግ ላይ ሳይቀር በሚወለደው ሁሉ ላይ ይውላል፤ የመጣውም አይመለስም፣ የሚቀጥለው በላዩ ይጨመራል። በአሥር ዓመት ከአንድ ኪሎ ይበልጣል፤ የመንዝ ጠቦት በስድስት ወሩ ክብደቱ አሥራ ሦስት ኪሎ ግድም መሆኑን ያስቡ። ከዚህ በላይ ለማፍጠን መቸኰልን እኔ አልወድም። በጉ ሳይታወቅ እየገዘፈ ሄዶ ከመጋቢት ሣር በላይ የሚፈልግ ከሆነ የትናንቱን ስሕተት በቀጭን መንገድ መድገም ይሆናል። ከክብደቱ ጋራ የግልገሉ በሕይወት መትረፍና የእናቲቱ አሳዳጊነት በመዝገቡ ላይ እኩል ስፍራ ሊኖራቸው ይገባል።

በሌላ ደጋ፣ በራሱ ትንሽ እርሻ ላይ ይህን ሊሞክር የሚሻ ሰው ማኅበር እስኪቋቋም መጠበቅ የለበትም፤ ከሁለት ወይም ከሦስት ጎረቤት ጋራ ቢስማማ ይበቃዋል። አንድ ደብተርና አንድ የተንጠልጣይ ሚዛን ያስፈልጋል። የአገሩን በግ ይዞ፣ የትኛዋ እናት በየዓመቱ ወልዳ ያለ ርዳታ እንደምታሳድግ ይጻፍ። በየክረምቱ የትል መድኃኒት ደጋግማ ካልጠጣች የማትቆመው፣ ጡትዋን የምትከለክለው፣ ብርድ ባለፈ ቍጥር በጭን ታቅፋ የምትገባው፣ እርስዋ መጀመሪያ ትሸጥ፤ ልጅዋም ለዘር አይቅር። ርኅሩኅ ሰው ይህ ይከብደዋል። ደካማይቱን እያስታመመ የሚያኖር መንጋ ግን ከጊዜ በኋላ መንጋው ሁሉ አስታማሚ ይፈልጋል። አውራውን በየሁለት ዓመቱ ከጎረቤት ጋራ ይለዋወጥ። ጠቦቶቹ ከአምስት ወር በኋላ ከእናቶች ጋራ በነጻ እንዳይሰማሩ ይጠንቀቅ፤ ሳይታሰቡ ቀድመው የሚያጠቁት እነርሱ ናቸውና።

በመሐል ሜዳ ገበያ ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት የጭነት መኪና ተሰልፎ ይቆማል። ነጋዴዎቹ በበጎቹ መካከል እየተጋፉ ወገብ ይጨብጣሉ፤ ላት ይመዝናሉ። በአንድ ሽማግሌ እጅ በገመድ የተያዘ፣ በጆሮው ላይ ቍጥር ያለው አውራ አየሁ። ነጋዴው ሦስት ጊዜ ዋጋ ጨመረለት፤ ሦስተኛው ዋጋ ማኅበሩ ከሚከፍለው የበለጠ ነበር። ሽማግሌው ጥቂት ዝም አሉ፤ ከዚያም «ይህ የሚሸጥ አይደለም፤ ሙክት ከፈለግህ ከኋላዬ አለ» ብለው ገመዱን ወደ ራሳቸው ሳቡ። አውራውን ወደ ገበያ ያመጡት እቤት የሚተዉለት ሰው አጥተው እንደ ሆነ ነገሩኝ። ነጋዴው ሙክቱን ተመለከተ፤ ላቱን ጨበጠና ዋጋ ጠራ።